ከኋላዎ ምን ይሁን?

ሰው ፎቶ ቤት ሲመጣ ፊቱን ይዞ ይመጣል። ልብሱንም ይዞ ይመጣል፤ የጎረቤቱን ኮት ተውሶም ቢሆን። ከኋላው የሚሆነውን ግን ይዞ የሚመጣ የለም። እሱ የኔ ሥራ ነው። ስለዚህ ማንም ይምጣ ማን፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። "ከኋላዎ ምን ይሁን?" እላለሁ።

አብዛኛው ሰው "እርስዎ እንደመሰለዎት" ይላል። ይህን መልስ አልወደውም። እንደመሰለኝ ካደረግሁ በኋላ "ምነው እንዲህ ጠቆርኩ?" እያለ የሚመለሰው ያው ሰው ነው። ጠይም ፊት ነጭ መጋረጃ ፊት ሲቀመጥ ካሜራው በነጩ ይደነግጥና ፊቱን ያከስለዋል። ቀይ ሰው ቀይ መጋረጃ ፊት ከተቀመጠ ትኩሳት የያዘው ይመስላል። አመድማው ለሁሉም ይሆናል ይባላል። አዎ፣ ይሆናል፤ ፈገግ የማይል ሰው ካስቀመጡበት ግን ከለቅሶ ቤት የመጣ ይመስላል። ይህን ሁሉ ለደንበኛ አላስረዳም። መጋረጃውን አወርዳለሁ፣ አያለሁ፣ ካልሆነ እጠቀልለዋለሁ።

ይህም የድሮ ነገር ሆኗል። ዛሬ ሁሉም ስልክ አለው፣ ሁሉም ፎቶ አንሺ ነው። ለኔ የተረፈኝ ጉርድ ፎቶ ነው፤ እሱም በነጭ እንጂ በሌላ አይቀበሉትም። ሰፈርተኛው ስሜን ትቶ "ጋሽ ቀና በል" ይለኛል፤ ቀና በሉ፣ ቀና በይ ማለት ስለማበዛ ነው። እኔ ራሴ ትከሻዬ የወደቀ ሰው መሆኔን አይቶ የሚስቅም አለ። ይሳቅ። የምኖረው ከስቱዲዮው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አላገባሁም። በዚህ አካባቢ ያላነሳሁት ሙሽራ የለም፤ የኔ ተራ ግን እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ እኔ ጋ ሲደርስ አለቀ። በሬን ስዘጋ የምሰማው የራሴን ቁልፍ ድምፅ ነው፤ ለምጄዋለሁ ማለት ደግሞ ውሸት ነው።

ሴትዮዋ የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናብ ልጣል ልጣል ብሎ በተወው ቀን። መጡ፣ ተቀመጡ፣ አሉ እያልኩ ነው የምተርክላችሁ፤ ስለዚህ ሴት መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ። ለምን እንደዚህ እንደምል ኋላ ይገባችኋል። ጠይም፣ ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው ግማሹ የሸበተ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጣል ያደረጉ ናቸው። ዕድሜያቸው ከኔ አይርቅም፤ ድምፃቸው ግን የወጣት ድምፅ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስልክ ቤት መስመር ሲያገናኙ እንደኖሩ ኋላ ነገሩኝ። ሲያዳምጡ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉት ለዚያ ይመስለኛል።

ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸውና እንደ ልማዴ "ከኋላዎ ምን ይሁን?" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "ከኋላዬማ ማን አለኝ" አሉ። "ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ሩቅ ነው።"

"የመጋረጃውን ቀለም ማለቴ ነው፣ እትዬ።"

"እ... መጋረጃውን።" አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያቺን ጥያቄ እንደዚያ አድርጎ የሰማት ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሳቄን ስጨርስ ግን እኔም ብጠየቅ መልሴ ከሳቸው የባሰ መሆኑ ትዝ አለኝና የማይነካውን መብራት መነካካት ጀመርኩ።

"ቤት የሚመስል አለዎት?" አሉኝ።

"እንዴት ያለ ቤት?"

"ሰው ያለበት ቤት።"

መጋረጃዎቼ ከጣሪያው ሥር በዘንግ ተጠቅልለው የተሰቀሉ ናቸው፤ ገመዱ ሲሳብ ይወርዳሉ። መጀመሪያ ነጩን አወረድኩ። አንድ አነሳኋቸውና በካሜራው መስኮት አሳየኋቸው።

"ይሄ ለመታወቂያ ነው" አሉ። "ወይ ለፖሊስ።"

አመድማውን አወረድኩ። ረዘም አድርገው አዩት። "ይሄ ደግሞ ለቀብሬ ይቀመጥልኝ።"

ሰማያዊውን አወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ጠይም ፊት ሰማያዊ ላይ ወደፊት ይወጣል፤ ያ ጥቁር አረንጓዴ ሹራብም አልተጣላውም። "ይሄስ?" አልኩ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

"ይሄ ምን ነው የሚባለው?"

"ሰማያዊ።"

"ሰማያዊ ቤት የሚገቡት እኮ የሞቱት ናቸው" አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። "ልጄ በድንጋጤ ክው ይልብኛል።"

የቀረው ሥዕል ያለበት ነው፤ ፏፏቴ፣ የድንጋይ ደረጃ፣ ከደረጃው አናት ላይ ሁለት ርግቦች። ድሮ ሰው የሚጋፋበት ነበር። እሱንም አወረድኩት። "እዚህማ ብርድ ይመታኛል" አሉ።

እኔ ቶሎ የምበሽቅ ሰው ነኝ። ከመቀለድና ከመናደድ መካከል ሆኜ "እትዬ፣ ስቱዲዮ ስቱዲዮ ነው የሚመስለው። ቤት ከፈለጉ ቤትዎ መነሳት ነው" አልኳቸው።

"ቤቴ ብነሳ ግድግዳው ያሳብቅብኛል" አሉ። "እርጥበት በልቶታል። ልጄ ከሄደ ወዲህ የነካው የለም። ሰው ያለበት ቤት እንዲህ አይሆንም ይለኛል።" ድምፃቸው ሰለል አለ። ያን ጊዜ ካሜራውን አስቀመጥኩና የሚሉትን መስማት ጀመርኩ።

ልጃቸው በጣም ሩቅ በሆነ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ከሄደ ጀምሮ እናቱን ብቻቸውን መተዉ እንቅልፍ ነሳው። በደወለ ቁጥር "እማ፣ ብቻሽን ነሽ? ማታ በሩን ማን ይዘጋልሻል?" ነው። አንድ ቀን ሰለቻቸውና "ተከራይ አስገብቻለሁ፤ በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው" አሉት። ተከራይ የሚባል ነገር የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ግን መመለሻ ጠፋ።

በሐሳባቸው የነበሩት ተከራይ ሴት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጁ በደወለ ቁጥር ስለ እሳቸው ጥቂት ይጨምሩለታል። እሳቸው ጉንፋን ይዟቸዋል። እሳቸው የደጁን አምፑል ቀየሩልኝ። ትናንት ከእሳቸው ጋር ሻይ ስንጠጣ ስንጫወት አመሸን። ትልቅ ሰው ስለሆኑ አንቱ ነው የሚባሉት፤ አንቱታችን ደግሞ ሴትም ወንድም አያውቅም። እሳቸው መጡ፣ እሳቸው ሄዱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ "ሴትዮዋ" የምትል ቃል ከአፋቸው አንድም ቀን አልወጣችም።

"በቀደም ደወለና 'እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳታፍሪ' አለኝ" አሉ። "ምንድን ነው ስለው፣ 'እሳቸውን ሳገኛቸው ጋሼ ልበላቸው ወይስ አባባ?' አይለኝም!"

ሳቄ መጣ። እሳቸው አልሳቁም።

"እኔ ተከራይ ስል እሱ ባል እየሰማ ኖሯል" አሉ። "ለካስ ያሳመነው አምፑሉ ነው።"

"ታዲያ ሴት ናቸው አይሉትም ነበር?"

"አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ" ካሉ በኋላ ዓይናቸው የኔ ራስ ላይ ዐረፈና "ይቅርታ" አሉኝ።

"ግዴለም። እኔም ሳላውቀው ነው የተመለጠው።"

"ልለው ነበር" ብለው ቀጠሉ። "ግን ሲስቅ ሰማሁት። ከሄደ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። 'ተከራይ እኮ ነገ ይለቃል እማ፤ ይሄ ግን ሌላ ነው' አለኝ። ምን ልበለው?"

የሥራ ውሉ በዚያ ወር ያልቃል። አድሼ ልቆይ ወይስ ትቼው ልምጣ እያለ ሲያመነታ ነው የከረመው። አሁን ቁርጡን ነገራቸው። ሁለታችሁ ያላችሁበት ፎቶ ላኪልኝ፣ አይቼ ልቤ ካረፈ እፈርማለሁ፣ ካላረፈ ጠቅልዬ እመጣለሁ አላቸው።

"ቢመጣስ?" አልኳቸው።

"መጥቶ ምን ይሠራል? እዚህ ወደብ የለ፣ ክሬን የለ። ስንት ዓመት የለፋበትን ሥራ ለኔ ብሎ ይጣል? እንዳይመጣ ነው የምፈልገው።" ይህን ሲሉ የሻርፓቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልሉ፣ ይፈቱ ነበር። እኔ ደግሞ ሐሳቤ ሁሉ ቀለም ላይ ነበር።

"ከጀርባ አንድ ግድግዳ አለች" አልኳቸው።

የክፍሌ ግድግዳ የገለባ ቀለም ነው፤ ቢጫ ነው እንዳይሉት ነጣ ይላል፣ ነጭ ነው እንዳይሉት ይሞቃል። ቀለሙን ከቆርቆሮ አልገዛሁትም። ነጭና ቢጫ ከጥቂት ቡኒ ጋር እያዋሃድኩ፣ እየቀባሁ፣ ሲደርቅ እያየሁ፣ መልሼ እየቀባሁ ያገኘሁት ነው። አንዲት ጠይም ሴት ትገባበታለች ብዬ ተስፋ ያደረግሁበት ዘመን ነበር፤ ፊቷ ምን ላይ እንደሚያምር በልቤ ስለማውቅ ለሷ ፊት ብዬ ቀባሁት። አልገባችም። ግድግዳው ቀረ፣ እኔም አብሬው ቀረሁ።

ሴትዮዋ ገብተው ቆሙ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መደርደሪያ ላይ አንድ ስኒ። ቤት የሚመረምሩት እንደ ሐኪም ነው፤ ምንም ሳይነኩ።

"ብቻዎን ነዎት?" አሉኝ።

"ብቻዬን ነኝ።"

"ማታ በሩን ማን ይዘጋልዎታል?"

"እኔው።"

"እኔም እኔው ነኝ" አሉ፣ ከዚያ ሻርፓቸውን አውልቀው እጃቸውን ሰበሰቡ። "ይሄ ቤት ሰው ያለበት አይመስልም። ብቻውን የሚኖር ሰው ዕቃ ያስቀመጠበት ቦታ ይገኛል። ሁለት ከሆኑ ግን ሁሌ 'የት አደረግሽው፣ የት አደረግኸው' ነው።" ይህን ብለው ክፍሌን ያዘበራርቁልኝ ጀመር። ጋዜጣውን ከፍተው አልጋው ጫፍ ላይ ጣሉት። ሻርፓቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። ከስቱዲዮው ሁለተኛ ወንበር አስመጡኝ። ስቱዲዮው ውስጥ ለደንበኛ ያስቀመጥኳትን ስኒም አምጥተው ከኔ ስኒ አጠገብ አደረጓት፣ እጀታዋ ወደ እሳቸው ዞሮ። እኔ ዕቃዬን ሰው ሲነካብኝ የምቆጣ ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ዝም ብዬ አየኋቸው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጁ ግድግዳው አዲስ ነው ብሎ ቢጠይቅ ምን እንደሚሉትም መዘጋጀት ነበረባቸው። "እሳቸው ቀቡልኝ እለዋለሁ" አሉ። እንደ መሰለኝ ከውሸታቸው ሁሉ የወደዱት ያን ነው፤ ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ጃንጥላ መብራቶቼን አላስገባሁም። ቤት ውስጥ ብርሃን ከአንድ ወገን ነው የሚመጣው፤ ከሁለት ወገን ከመጣ ልጁ ያውቃል። መስኮቱን ከፈትኩት። ያ ዝናብ አልጥልም ያለ ሰማይ ለስለስ ያለ ብርሃን ሰጠን፤ ከግድግዳው ላይ ነጥሮ ጉንጫቸው ላይ ሲያርፍ አየሁት። ያ ቀለም ለሰው ፊት ሲሆን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔን ግን የሚመሰክርልኝ ሰው አልነበረም።

"እሳቸውስ የታሉ?" አልኳቸው።

ወደ መሬት አዩ። "እርስዎን ለመጠየቅ አፍሬ ነው እንጂ..."

"ኮቴን ላምጣ" አልኩ።

ካሜራዬ ቆጥሮ ራሱ የሚያነሳበት ነገር አለው። ጫን አድርጌ ሮጥኩና ተቀመጥኩ። አነሳ። ሄጄ አየሁት፤ እሳቸው ደህና ናቸው፣ እኔ ግን ጉርድ ፎቶ የምነሳ ነው የምመስለው፤ እጄ ጉልበቴ ላይ፣ ዓይኔ ፈጦ። ደገምኩ። ያው ነው።

"ቤቱ ያለ ሰው እንዲህ አይቀመጥም" አሉኝ። "ቀና ይበሉ።"

ይህን ቃል ዕድሜ ልኬን ስለው ኖሬ ማንም መልሶ ብሎኝ አያውቅም። ቀና አልኩ። "እንዲህም አይደለም" አሉ፤ "አሁን ደግሞ ወታደር ሆኑ። ስለ እሳቸው ምን እንደነገርኩት ልንገርዎት። አንድ ቀን እሳቸው ጨው ነው ብለው ሻያቸው ውስጥ ስኳር መጨመር ትተው..." ካሜራው ያነሳን ያን ጊዜ ነው። ነገሩን አልጨረሱትም፤ መሳቅ ጀመሩ፣ እኔም ምኑ እንደሚያስቅ ሳይገባኝ በሳቃቸው ሳቅሁ።

ፎቶውን አብረን አየነው። ሁለት በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ሁለት ስኒ፣ የተከፈተ ጋዜጣ፣ ሞቅ ያለ ግድግዳ። ሴትዮዋ ወደኔ ዘንበል ብለው ይስቃሉ። እኔ የሚስቁትን ሴት እያየሁ ነው። ውሸት መሆኑን የማውቀው እኔ ራሴ አመንኩ።

"ጉድ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ወደ ስልካቸው ላክሁላቸው። ሻርፓቸውን ከሚስማሩ አንስተው አመስግነውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ስጠብቅ ነው የከረምኩት። የምን መጠበቅ እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም። ጋዜጣውን አላጠፍኩትም። ስኒዋን ወደ ስቱዲዮ አልመለስኳትም፤ ሻይ ስጠጣ አጠገቤ እንድትሆን ተውኳት። ብቻውን የሮጠ ማን ይቀድመዋል እንደሚባለው፣ ብቻዬን ሆኜ ብዙ ነገር አሰብኩ፣ ብዙም ርቀት ሄድኩ። ልጁ ፈርሞ ከቀረ እኚህ ሴት አልፎ አልፎ ብቅ ይሉ ይሆናል። ስለ ውሸቱ ለመነጋገር እንኳ ቢሆን። አምፑል መቀየር እችላለሁ። ግድግዳቸውን መቀባት እችላለሁ፤ የገለባውን ቀለም እንዴት እንደሚዋሃድ ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ተመልሰው የመጡ ዕለት ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የገቡት። ሻርፕ አልነበራቸውም፤ በጥድፊያ እንደወጡ ያስታውቃሉ። "አባባን ካላገናኘሽኝ አለ" አሉኝ ቁና ቁና እየተነፈሱ። "ወጥተዋል አልኩት፣ ተኝተዋል አልኩት፣ አሁን ምክንያት አለቀብኝ። ዛሬ መልስ መስጠት አለበት። ሊደውል ነው።"

ገና ወንበር ሳልስብላቸው ስልኩ ጮኸ። አነሱት፣ "አሉ፣ እነሆ" አሉና ሰጡኝ። ከወዲያ በኩል ነፋስና የብረት ድምፅ ይሰማል።

"አባባ፣ ደህና ዋሉ?" አለ። ድምፁ የእናቱ ድምፅ ነው፤ ወፍሮ ነው እንጂ።

"ደህና ነኝ፣ ልጄ። አንተስ እንዴት ነህ?"

"ደህና። ፎቶውን አየሁት። እማ እንደዚያ ስትስቅ ካየሁ ቆየሁ።" ከዚያ "ግድግዳውን እርስዎ ነዎት የቀቡት?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። እሱስ እውነት ነው።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። እማ ብትከፋም አትነግረኝም፣ አውቃታለሁ። ቢሮው ሊዘጋ ነው። ልምጣ ወይስ ልቅር? እርስዎ የሚሉኝን ነው የማደርገው።"

ልጅ የለኝም። እርስዎ የሚሉኝን አደርጋለሁ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ቆመዋል፤ ካሜራው በሚቆምበት ቦታ። የስልኩ ድምፅ ጎላ ያለ ነውና ልጃቸው የሚለውን ሁሉ እየሰሙ ነው። ምን ልበለው አልኳቸው፣ በእጄ ምልክት። እጃቸውን አወዛወዙ። አይምጣ፣ አይምጣ።

እጃቸውን አየሁ።

"ሥራህን ሥራ፣ ልጄ" አልኩት። "እኔ አለሁ።"

ከወዲያ በኩል ረዥም ትንፋሽ ሰማሁ። "እግዜር ይስጥልኝ አባባ። አሁን ልቤ ዐረፈ። ሄጄ ልፈርም" አለ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ስልኩን መለስኩላቸው። ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። መልሰው አወጡት፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት። "ጎሽ" አሉ። "ጎሽ የኔ ልጅ። እንኳን ፈረመ።" አጠገቤ ባለው ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ነጩ መጋረጃ ወርዶ ነበር፤ ጠዋት ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ያወረድኩት ነው።

"ሻይ ላፍላ?" አልኳቸው።

"አልጋውን አንጥፌለት ነው የመጣሁት" አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

"አላምንም ይላል ብዬ ነበር። እናቱ ነኝ፣ ፊቴን ያውቀዋል፤ ፎቶውን አይቶ 'እማ፣ ይሄ ውሸት ነው' ይላል ብዬ ነበር። አንሶላውን አጥቤ፣ አልጋውን አንጥፌ፣ መስኮቱን ከፍቼ መጣሁ።" ወደኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "እጄን ለምን አዩት? ፊት ማየት አይደለም ሥራዎ?"

አሁን ፊታቸውን አየሁት። በነጩ ላይ ከስሏል፣ ግን ሁሉም ነገር ይነበብበታል፤ ያን ጊዜም ይነበብበት ነበር፣ ቀና ብዬ ባየው ኖሮ። እኔ ያየሁት እጃቸውን ነው፤ እጃቸው የሚለው እኔ የምፈልገውን ስለነበረ።

"መልሼ ልደውልለት?" አልኩ።

"ምን ብለው? ተዉት። እዚያ ይሻለዋል። እውነቴን ነው፣ እዚያ ይሻለዋል።" ተነሱ። ሻርፕ ያለ መስሏቸው አንገታቸውን ዳሰሱ፣ አጡት።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዛሬ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ፣ "እትዬ፣ እኔ አለሁ ያልኩት ለልጁ ብቻ ብዬ አይደለም" አልኳቸው።

ቆሙ። እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ደህና ሰው ነዎት። እኔ ግን የፈለግሁት እሱን ነበር።"

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።